የሥራው ማማር የሠሪውን በደል ይሽራልን?

ፈረንሳዊው ሠዓሊ ፖል ጎጋን እ.ኤ.አ. በ1848 በፓሪስ ተወለደ (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በልጅነቱ ኦርሌአን አጠገብ በሚገኝ ንኡስ የዘርዐ ክህነት ትምህርት ቤት ተማረ፤ በጎልማሳነቱም በፓሪስ የአክሲዮን ገበያ እየሠራ ጥሩ ገንዘብ ያገኝ ነበር። በ1873 ሜት ጋድ የተባለች ዴንማርካዊት አግብቶ አምስት ልጆች ወለደ። ሥዕልን የጀመረው በትርፍ ጊዜው ሲሆን፣ በ1882 የአክሲዮን ገበያው ከወደቀ በኋላ የቀድሞ ሥራውን ትቶ ሠዓሊ ብቻ ሊሆን ቆረጠ። በ1885 አንዱን ልጁን ብቻ ይዞ፣ የቀሩትን ከእናታቸው ጋር በኮፐንሃገን ትቶ ወደ ፓሪስ ተመለሰ። ሜት ፈረንሳይኛ እያስተማረችና መጻሕፍት እየተረጎመች ቤቷን አቆመች። ጎጋን በ1891 ወደ ታሂቲ ደሴት ከመሄዱ በፊት መጥቶ ጎበኛቸው፤ ከዚያ በኋላ ግን ዳግመኛ አልተያዩም።

እንግሊዛዊው ፈላስፋ በርናርድ ዊልያምስ በ1976 ባቀረበው ጽሑፍ፣ ይህንኑ ታሪክ ለምሳሌ እንዲመች አድርጎ በማንሣት ከባድ ጥያቄ ጠየቀ። አንድ ሰው ለታላቅ ሥራ ሲል ኃላፊነቱን ቢተው፣ ውሳኔውን ሊያጸድቅለት የሚችል ነገር ቢኖር የሥራው መሳካት ብቻ ነው፤ መሳካቱን ግን በሚወስንበት ሰዓት ሊያውቅ አይችልም። ቢሳካለት ዓለም ታላቅ ሰው ይለዋል፤ ባይሳካለት ቤተሰቡን የበተነ ከንቱ ሰው ሆኖ ይቀራል። እንግዲህ የሰው ጽድቅና ኃጢአት በዕድል የሚወሰን ነውን? ዊልያምስ፣ ሥራው ቢሳካም እንኳ የተበደሉት ሰዎች የመውቀስ መብት እንደሚቀርላቸው አልካደም። እኛ ከዚህ እንጀምራለን። በሚዛኑ በአንዱ ወገን ያለው የሜትና የልጆቿ መከራ ነው፤ በሌላው ወገን ያለው ደስታ ግን የእኛ የተመልካቾች ነው። ዕዳውን የከፈለው ሌላ፣ ትርፉን የበላው ሌላ ሆኖ ሳለ፣ «ተመጣጥኗል» ብሎ የመፍረድ ሥልጣን ለትርፍ በላው ማን ሰጠው?

የሥራውን ታላቅነት ለመካድ አንፈልግም። በ1888 የሣለው ሥዕል፣ ነጭ ቆብ የደፉ የብሬታኝ ባላገር ሴቶች ከስብከት በኋላ ያዕቆብ ከመልአኩ ጋር ሲታገል በቀይ መሬት ላይ ሲያዩ ያሳያል። ጎጋን ይህን ሥዕል ለኒዞን መንደር ቤተ ክርስቲያን በስጦታ ቢያቀርብም ቆሞሱ አልተቀበሉትም፤ ዛሬ በኤድንብራ ይገኛል። (መሬቱ ያን ያህል ቀይ ሆኖ ላዩት ቆሞስ እኛ በበኩላችን እናዝንላቸዋለን።) በታሂቲም እመቤታችንን በአገሩ ሴት መልክና ልብስ፣ ሕፃኑን በትከሻዋ አድርጋ ሣላት። የሥዕሉ ስም በታሂቲ ቋንቋ የመልአኩ ሰላምታ ነው፤ እውነተኛ አክብሮት ይታይበታል።

ነገር ግን በዚያው ደሴት ይህ ሰው የአሥራ ሦስት ዓመት ገደማ የሆነችን ልጅ እንደ ሚስት አድርጎ ወስዷል፤ በ1901 ወደ ማርኬሳስ ደሴቶች ከተሻገረ በኋላም የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ከሚስዮን ትምህርት ቤት አስወጥቶ ወሰደ። የአገሩ ልማድ ነበር የሚሉ አሉ። ልማዱ ቢኖርም፣ ከአርባ ዓመት በላይ የሆነውና በአውሮፓ ሕጋዊ ሚስት ያለችው ሰው ከልማዱ የሚመቸውን መረጠ እንጂ ለልማዱ የተገዛ አልነበረም። በማርኬሳስ ከቅኝ ገዢዎቹ ዘበኞች ጋር ተጣልቶ ስለ አገሬው ሰዎች መሟገቱ እውነት ነው፤ ይህም ሊመሰገንለት ይገባል። ይሁን እንጂ አንዱ ሌላውን አይፍቀውም።

እዚህ ላይ አንባቢያችን፣ «ቅዱሳንስ ቤተሰባቸውን ትተው አልሄዱምን?» ብሎ ሊጠይቀን ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ስዊሳዊው ቅዱስ ኒኮላዎስ ዘፍሉኤ በ1467 ሚስቱን ዶሮቴያንና ዐሥር ልጆቹን ትቶ መናኝ ሆነ፤ ከልጆቹም የመጨረሻው ገና ሕፃን ነበር። ሆኖም የሄደው ዶሮቴያ ፈቅዳለት ነው፤ የኖረበትም ሸለቆ ከቤቱ በእግር ጥቂት የሚያስኬድ ነበር። ሕፃኑ እንዳልተጠየቀ እናውቃለን፤ ስለዚህ ይህም ምሳሌ ጥያቄውን ፈጽሞ አይዘጋውም። ቢሆንም ልዩነቱ ትንሽ አይደለም፤ ኒኮላዎስ ከሁሉ አስቀድሞ የጠየቀው ዕዳውን የምትከፍለውን ሴት ነው። ጎጋን ግን ብይኑን የጠበቀው ከመጪው ትውልድ ነበር።

ከልጆቹ መካከል አብልጦ የሚወዳት ሴት ልጁን አሊንን ነበር። በታሂቲ ሳለ በስሟ አንድ ደብተር አዘጋጅቶ ስለ ሥዕልና ስለ ሕይወት የሚያስበውን ጻፈላት። አሊን በ1897 መጀመሪያ በሳንባ ምች በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ አረፈች፤ መርዶውም ከወራት በኋላ በደብዳቤ ደረሰው። በዚያው ዓመት መጨረሻ፣ አራት ሜትር ሊሞላ ጥቂት በቀረው ሸካራ ጨርቅ ላይ፣ ከቀኝ ከሕፃን ተነሥቶ በግራ በአሮጊት የሚፈጸመውን ትልቁን ሥዕሉን ጀመረ፤ በጥጉም ከየት እንደ መጣን፣ ምን እንደ ሆንንና ወዴት እንደምንሄድ የሚጠይቁ ሦስት ጥያቄዎች ጻፈበት። ተመራማሪዎች እነዚህን ጥያቄዎች በዘርዐ ክህነት ሳለ ከተማረው ትምህርተ ክርስቶስ ጋር ያያይዟቸዋል። ሥዕሉ ዛሬ በቦስተን ቤተ መዘክር ነው። ደብተሩ በፓሪስ ተጠብቆ ይገኛል፤ አሊን እጅ ግን አልደረሰም።