ስለ አሮጌ መኪና፦ ጠብቆ ማቆየት በጎ ምግባር የሚሆነው መቼ ነው?

በአራዳ ቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የቆመው የዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ሐውልት ንጉሠ ነገሥቱን በፈረስ ላይ ያሳያል። ይሁን እንጂ በ1923 ዓ.ም. የተመረቀው ሐውልት በፈረስ ያስቀመጣቸው ንጉሥ፣ በሕይወት ሳሉ በመኪና የተሳፈሩ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ንጉሥ ነበሩ። ቢድ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ መንገድ የሌለውን በረሃና ተራራ አቋርጦ፣ አንዲት ዎልስሊ መኪና ይዞ አዲስ አበባ የገባው በ1900 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ አልፎአል፤ በዚያ አደባባይ ዙሪያ የሚመላለሰውም መኪና ብዙ ጊዜ ተለዋውጦአል።

ዕድሜው የገፋ የፒያሳ ሰው ሁሉ ሴይቼንቶን ያስታውሳታል። ስሟ በጣልያንኛ ስድስት መቶ ማለት ሲሆን፣ የፊያት ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1955 ለገበያ ያቀረባት፣ ሞተርዋ ከኋላ የተቀመጠ፣ የሞተርዋም መጠን 633 ሴንቲ ሜትር ኩብ ብቻ የሆነ ትንሽ መኪና ነበረች። ሰማያዊና ነጭ ተቀብታ የከተማውን ሕዝብ ለብዙ ዓመታት አመላልሳለች። እርሷን ላዳ ተካቻት። ላዳ ከሶቭየት ኅብረት ትምጣ እንጂ ንድፍዋ የተወሰደው ከፊያት 124 ነው፤ የተሠራችበት ከተማ እንኳ ቶሊያቲ ተብሎ የተሰየመው በአንድ ኢጣልያዊ የኮሙኒስት መሪ ስም ነው። ስለዚህ የፒያሳ ሾፌር ከሴይቼንቶ ወርዶ የላዳን መሪ ሲጨብጥ እምብዛም ሩቅ አገር አልሄደም። የጋራዡም ቋንቋ አልተለወጠበትም፤ ካንዴላው ካንዴላ፣ ፍሪሲዮኑ ፍሪሲዮን፣ ማርሚታውም ማርሚታ እንደ ሆነ ቀረ።

ዛሬ ደግሞ ላዳ ራሷ እየተመናመነች ነው። ቦታዋን በስልክ የሚጠሩ ታክሲዎችና ድምፃቸው የማይሰማ የኤሌክትሪክ መኪኖች እየያዙት ነው። ገና በሥራ ላይ ያለችውን አሮጌ ላዳ ከሚያዩት ሰዎች አንዱ፣ ይህን ያህል ዘመን ጠግኖ ማቆየት ምንኛ ያስመሰግናል ይላል፤ ሌላው ጭሷን እያየ፣ ይህች ቁርጥራጭ መቼ ነው ከመንገድ የምትነሣልን ይላል። ሁለቱም ስለ አንዲት መኪና ነው የሚናገሩት። እንግዲህ ውድ አንባብያን፣ ጥያቄያችን ይህ ነው፦ አሮጌን ዕቃ ጠብቆ ማቆየት በራሱ በጎ ምግባር ነውን? ወይስ በጎነቱ የሚመዘነው በሌላ ነገር ነው?

ፍልስፍና የቀመሰ ሁሉ የሚያውቀው አንድ ጥንታዊ እንቆቅልሽ አለ። ፕሉታርክ እንደ ጻፈው፣ የአቴና ሰዎች የጀግናቸውን የቴሴዎስን መርከብ ለመታሰቢያ ሲጠብቁ የበሰበሰውን ሳንቃ እያነሡ በአዲስ ይተኩ ነበር፤ ፈላስፎቹም መርከቢቱ ያችው ናት ወይስ ሌላ ሆናለች እያሉ ይከራከሩባት ነበር። እንግሊዛዊው ቶማስ ሆብስ እ.ኤ.አ. በ1655 ጥያቄውን ይበልጥ አከበደው፤ አንድ ሰው የተነሡትን አሮጌ ሳንቃዎች ሁሉ ሰብስቦ በቀድሞ ቦታቸው ቢገጣጥማቸው እውነተኛይቱ መርከብ የትኛዋ ናት? አለ። በዘርዐ ክህነት ትምህርት ቤት ይህን ስንማር አእምሮን ለማሠልጠን ብቻ የተፈጠረ ጨዋታ ይመስለን ነበር። መርካቶ ሶማሌ ተራ የሄደ ሰው ግን ሆብስ በሐሳቡ የገመተው ነገር በየቀኑ ሲፈጸም ያያል። በግጭት የተጎዳች መኪና እዚያ ትፈታለች፤ በርዋ ለአንዲቱ፣ ካምቢዮዋ ለሌላይቱ፣ መብራትዋ ለሦስተኛይቱ ይሄዳል። ለማንም የማይሆነው ላሜራ ደግሞ ወደ ምናለሽ ተራ አልፎ፣ ተቀጥቅጦና ተቆርጦ የከሰል ምድጃ ይሆናል። የአንዲት መኪና ሞት የዐሥር መኪና ሕይወት ነው።

ሕግ እንቆቅልሹን በአጭሩ ፈትቶታል። የመኪናን ማንነት የሚናገረው በሻንሲዋ ላይ የተመታው ቁጥር ነው፤ ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር ከተስማማ፣ ከጎማ እስከ ጣራ የቀረው ሁሉ ቢለወጥም መኪናዪቱ ያችው ናት፤ ቦሎዋንም ትለጥፋለች። ይህ ለመዝገብ ቤት ይበቃል። ለኅሊና ግን አይበቃም፤ ምክንያቱም ኅሊና የሚጠይቀው መኪናዪቱ የትኛዋ ናት ብሎ ሳይሆን፣ ይህ ዕቃ ከማን መጣ፣ ወደ ማንስ ይሄዳል ብሎ ነው።

የከተማችን ሰው የሚቀልድበት ነገር አለ። ሌሊት ስፖኪዮው የተፈታበት ሰው በማግሥቱ ገበያ ወርዶ የራሱን ስፖኪዮ በገንዘቡ መልሶ ይገዛል ይባላል። የምንስቀው ሁላችንም ስለምናውቀው ነው። በእርግጥ የመለዋወጫ ነጋዴውን ሁሉ በሌባነት መጠርጠር ግፍ ነው፤ አብዛኛው በላቡ የሚያድር፣ እጁ በግራሶ የጠቆረ ሠራተኛ ነው። ነገር ግን ዋጋው ከሚገባው እጅግ ያነሰ ዕቃ ሲቀርብለት፣ ከየት መጣ ብሎ ሳይጠይቅ ገዝቶ የሚሄድ ሰው፣ አለመጠየቁ ንጹሕ አያደርገውም። አለማወቅ ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ ሰው ሳይፈልግ የሚደርስበት ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ማወቅ ግዴታ እንዳያመጣበት ፈርቶ ሰው ራሱ የሚመርጠው ነው። ስፖኪዮው የሚሰረቀው ይህ ሁለተኛው ዓይነት ገዥ ስላለ ነው።

ቅዱስ ቶማስ አኩዊናስ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ስለ መሸጥና ስለ መግዛት ሲያስተምር፣ በዘመኑ መኪና ስላልነበረ፣ ነገሩን በፈረስ አስረድቶታል። አንድ ዓይና ፈረስ የሚሸጥ ሰው ጉድለቱን ባይናገር አይፈረድበትም፤ ገዥው ራሱ ያየዋልና፤ ዋጋውን ግን በዚያው መጠን መቀነስ ይገባዋል። ጉድለቱ የተሰወረና ገዥውን ለጉዳት ወይም ለአደጋ የሚያጋልጥ ከሆነ ግን ሻጩ የመናገር ግዴታ አለበት። ይህ ትምህርት ለጋራዥ የተጻፈ ይመስላል። የተቀደደ ፓራፋንጎ፣ የጠፋ እጀታ፣ የነቃ ወንበር አንድ ዓይና ፈረስ ነው። የዛገውን የሻንሲ ብረት በስቱኮ ሞልቶ፣ በላዩ ቀለም ቀብቶ፣ አንድ ጠብታ ዝገት የላትም ብሎ መሸጥ ግን ሌላ ነገር ነው። ፍሬኑ የላላ መኪና ከማዘጋጃ ቤት ወደ ለገሃር በሚወርደው በቸርችል ጎዳና ላይ ምን እንደሚያደርግ ለፒያሳ ሰው መንገር አያስፈልግም። ጠጋኝ ሊዋሽ የሚችልበት ሙያ ነው ያለው፤ መልካም ጠጋኝ የሚባለውም ያጠበቀውንና ያላጠበቀውን ለይቶ የሚናገር ነው።

እስካሁን የተናገርነው ችግር አስገድዶአቸው ስለሚጠብቁ ሰዎች ነው። ተርፎአቸው የሚጥሉ፣ ተርፎአቸውም የሚጠብቁ ሰዎች ደግሞ አሉ፤ አሜሪካ የሁለቱም አገር ናት። በጆርጂያ ግዛት፣ ኋይት በምትባል ትንሽ ከተማ፣ በ34 ኤከር ገደማ ጫካ ውስጥ ከ4,000 የሚበልጡ አሮጌ መኪኖች ተደርድረው ይዝጋሉ። በአንዳንዶቹ ውስጥ ዛፍ በቅሎ ኮፈናቸውን አንሥቶታል። ዱሮ መለዋወጫ ይሸጥበት የነበረው ቦታ አሁን ፎቶግራፍ አንሺዎች የመግቢያ ዋጋ ከፍለው የሚጎበኙት ሆኖአል። በቴክሳስ፣ አማሪሎ አጠገብ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1974 ዐሥር ካዲላኮች በአፍንጫቸው መሬት ውስጥ ተተክለው እንደ ኪነ ጥበብ ሥራ ቆመዋል። የእኛ አገር መካኒክ ቢያያቸው ምን እንደሚል መገመት አያዳግትም፤ ከማድነቁ በፊት ከሥራቸው ገብቶ የሚፈታውን ይፈልጋል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ግን እ.ኤ.አ. በ2009 የሆነው ነው። የአሜሪካ መንግሥት የኤኮኖሚውን ውድቀት ለመግታትና ነዳጅ የሚያባክኑትን መኪኖች ከመንገድ ለማንሣት 3 ቢሊዮን ዶላር መደበ፤ አሮጌ መኪናውን ለሚመልስና አዲስ ለሚገዛ ሰው እስከ 4,500 ዶላር ሰጠ። በሁለት ወር ገደማ ወደ 680 ሺህ የሚጠጉ መኪኖች ተመለሱ። የተመለሱትም ዳግመኛ እንዳይነዱ፣ የሞተሩ ዘይት ተቀድቶ በምትኩ የሶዲየም ሲሊኬት ፈሳሽ ይጨመርና፣ ሞተሩ ተጣብቆ እስኪሞት ድረስ እንዲሠራ ይደረግ ነበር። ብዙዎቹ በደኅና የሚሄዱ ነበሩ። የሚሠራን ነገር በትእዛዝ መግደል የሰው እጅ ያፈራውን ድካም እንደ መናቅ ሆኖ ይታየኛል። ሆኖም ወደዚህ ነገር እመለሳለሁ፤ በዚያ መርሐ ግብር ውስጥ ልንማርበት የሚገባ አንድ ፍትሕ አለና።

ሰብሳቢውስ? እ.ኤ.አ. በ2022 አንዲት የ1955 መርሴዲስ፣ በዓለም ላይ ከተሠሩት ሁለት እኅትማማች መኪኖች አንዲቱ፣ በ135 ሚሊዮን ዩሮ ተሸጠች። የገዛት ሰው ከአትክልት ተራ ሽንኩርት ሊያመጣባት አይደለም። እኔ በበኩሌ ሰብሳቢዎችን ሁሉ አልነቅፍም፤ ብዙዎች በገዛ ገንዘባቸው የአንድን ዘመን የእጅ ሥራ ከመጥፋት አድነዋል። የቤተ ክርስቲያን መምህራን ስለ ንብረት ሲያስተምሩ ይዞታው የግል ቢሆንም አጠቃቀሙ የጋራውን ጥቅም መርሳት የለበትም ይላሉ፤ በዚህ ሚዛን ሰብሳቢ የሚለካው በሩን ለሌላው በመክፈቱ ነው። በ2017 ዓ.ም. ለሕዝብ በተከፈተው የብሔራዊ ቤተ መንግሥት ሙዚየም ከንጉሠ ነገሥቱ ዘመን የቀሩ መኪኖች ይታያሉ፤ ይህ መልካም ነው። ጎብኚው ግን አንድ ነገር ቢያስታውስ ይጠቅመዋል። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኀይለ ሥላሴ ከዚሁ ቤተ መንግሥት የተወሰዱት ለክብር ከተገዙት መኪኖች በአንዱ አልነበረም፤ በቮልስ ነበር። የቮልስ ዘመዶች ዛሬም በከተማው መንገድ ላይ ይታያሉ፤ ልጅ ትምህርት ቤት ያደርሳሉ፣ የሙሽራ አጃቢ ይሆናሉ።

አሁን ወደ ላዳው ባለቤት እንመለስ። ባለጸጋው አሮጌ መኪና ሲጠብቅ ቅርስ ጠባቂ እንለዋለን፤ ባለ ታክሲው ያንኑ ሲያደርግ ኋላ ቀር እንለዋለን። ሁለቱ የሚለያዩበት እውነተኛ ነገር አለ፤ እርሱም የመጠበቁን ዋጋ ማን ይከፍላል የሚለው ነው። የሰብሳቢው መኪና ጋራዥ ውስጥ ስለምትውል የሚጎዳት ሰው የለም። የላዳዋን ጭስ ግን በመንገድ ዳር ጀበና የጣደችው ሴት ትስበዋለች፤ የፍሬኗንም መድከም ተሳፋሪው በሕይወቱ ይወራረደዋል። ስለዚህ ችግር ያስገደደው ቁጠባ፣ ሸክሙ ወደ ሌላ ሰው በተላለፈበት ቦታ ላይ ምስጋናው ያበቃል። ይህን ስናገር ለድኻው የሚከብድ መሆኑን አውቃለሁ፤ ነገር ግን ጀበና የጣደችውም ድኻ ናት።

መንግሥትም በዚህ ምክንያት ሕግ አውጥቶአል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ ዐዋጅ ከውጭ በሚገቡ አሮጌ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ግብር ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። አገራችን ኤሌክትሪክዋን በአብዛኛው ከወንዞችዋ ስለምታገኝ ሐሳቡ መሠረት አለው። ሆኖም አዲሱን ለመግዛት ዐቅም የሌለው ሰው በእጁ ያለውን አሮጌ ከቀድሞው አጥብቆ ይይዘዋል፤ ሌላ ምን ያድርግ? እዚህ ላይ ነው የአሜሪካኖቹን መርሐ ግብር እንደገና የማነሣው። ሞተር ገደሉ፤ ግን ለገደሉት ሞተር ከፈሉ። ንጹሕ አየር የምንተነፍሰው ሁላችን ከሆንን፣ ዋጋውን የላዳው ባለቤት ብቻውን እንዲሸከም ማድረግ ፍትሕ አይደለም። አሮጌውን ለሚያስረክብ ሰው የሚሰጠው ካሣም ሆነ በዝቅተኛ ወለድ የሚቀርበው ብድር ለርኅራኄ ብቻ ተብሎ የሚደረግ ሳይሆን ዕዳ ነው።

ስለ መካኒኩም ማሰብ ይገባል። የኤሌክትሪክ መኪና ካንዴላ የለውም፣ ካርቦራተር የለውም፣ ማርሚታም የለውም። ሞተር ሲነሣ በጆሮው ሰምቶ የትኛው ፒስተን እንደ ደከመ የሚናገር ሰው፣ ሙያውን የተማረው ከመጽሐፍ አይደለም፤ በልጅነቱ ካቻቢቴ እያቀበለ፣ ከመኪና ሥር ተኝቶ ነው። በሃምሳ ዓመቱ ማንም ጀማሪ ብሎ አይቀጥረውም። በየሀገረ ስብከቱ የሙያ ትምህርት ቤቶች አሉን፤ የሚቀበሉት ግን ወጣቶችን ነው። በእነርሱ ውስጥ ለእነዚህ ሰዎች የሚሆን የማታ ክፍል፣ የባትሪውን ከፍተኛ ኃይል ሳይጎዱ እንዴት እንደሚይዙት ከሚያስተምር አንድ መምህር ጋር፣ ማዘጋጀት ይቻላል። መሣሪያው አለ፣ ክፍሉም ከዐሥራ አንድ ሰዓት በኋላ ባዶ ነው።