ስለ ልጆቻችን የሞተች አይጥ

ልጁ የማኅፀን በር ካንሰር መከላከያ ክትባት ልትወስድ ስትል «ነገ መውለድ ትችል ይሆን?» የማይል ወላጅ ጥቂት ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ1957 ጀርመን ውስጥ ለገበያ የቀረበው ታሊዶማይድ በእርጉዝ እንስሳት ላይ በቂ ምርመራ ሳይደረግበት ተሰራጭቶ የብዙ ሺህ ሕፃናትን እጅና እግር ጎድቷል።

ይህ ክትባት ግን እ.ኤ.አ. በ2006 አሜሪካ ውስጥ ከመፈቀዱ በፊት በሴት አይጦች ተሞክሯል። ከመፀነሳቸው በፊትም በእርግዝናቸውም ተከትበው በመራባታቸውና በጽንሳቸው ላይ ጉዳት አልታየም። ጽንሱ የሚመረመረው ግን እናቲቱ ተገድላ ነው።

ይህ ተገቢ ነውን? የሰው ሕይወት ለማዳን ከሆነ አዎን እላለሁ። ሆኖም ድመት አስራ በረሃብ ስለገደለችው ሴት ቅጣት ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ነግረውናል። እንስሳው አማና ነው፤ ሥቃዩ ይቀነስ፣ ቁጥሩም ከሚያስፈልገው አይለፍ። እኛም መልሱን ሳንጠይቅ «ያመክናል» እያልን ወሬ ብንነዛ ያቺን ነፍስ ከንቱ እናደርጋታለን። አላህ ከጭካኔም ከአሉባልታም ይጠብቀን።