ዳዊት ያልጠጣው ውኃ

ንጉሥ ዳዊት በዋሻ ሳለ ከቤተ ልሔም ጕድጓድ ውኃ ቢመኝ፥ ሦስት ኃያላን የጠላትን ሰፈር ጥሰው ቀድተው አመጡለት። እርሱ ግን የሰው ነፍስ ለአደጋ የተጣለበት ነውና ሊጠጣው አልወደደም፤ ለእግዚአብሔር አፈሰሰው (ካልዕ ሳሙኤል ምዕ. 23)። እንግዲህ ወደ እጃችን የሚገባው ሁሉ በማን ድካም እንደ መጣ ልንጠይቅ ይገባናል።

ከክብረ መንግሥት እስከ ነገሌ ቦረና ባለው አገር እግዚአብሔር ወርቅንም ከብትንም ሰጥቷል። ልጅ ከአባቱ ጋራ ከብት ቢጠብቅ፥ ለእናቱ ውኃ ቢቀዳ ነውር የለበትም። ነገር ግን በሻኪሶ አካባቢ ወርቅ በሚቈፈርበት ጕድጓድ ሕፃን ወርዶ አፈር ሲያወጣ፥ ወይም የሌላውን መንጋ እየጠበቀ የትምህርት ቤት ደጃፍ ሳይረግጥ ሲያድግ፥ ይህ የልጁን ዕድሜ መዝረፍ ነው። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ዝናም ተከታትሎ ቀርቶ በቦረና ከብት ባለቀ ጊዜም ብዙ ልጆች ከትምህርት ገበታ ተለይተዋል። አዋጅ ቍጥር 1156/2011 ግን ከ15 ዓመት በታች ያለውን ልጅ መቅጠር ይከለክላል።

በህንድ አገር እ.ኤ.አ. በ1994 ራግማርክ የተባለ ድርጅት ተቋቁሞ፥ ምንጣፍ በሕፃናት እጅ ያልተሠራ መሆኑን የሚመሰክር ምልክት እንዲለጠፍበት አደረገ፤ ከሚገኘውም ገንዘብ ለልጆች ትምህርት አዋለ። በዚህም ገዢው ከሩቅ ሆኖ የሚገዛውን ነገር አመጣጥ ለማወቅ ቻለ። ወርቅ ግን ከቀለጠ በኋላ ማን እንደ ቈፈረው አይናገርም፤ በገበያ የተሸጠ ወይፈንም ማን እንደ ጠበቀው አይመሰክርም። ምልክት በሌለበት ስፍራ የገዢው ኅሊና ምልክት ይሁን።

«ልጁ ካልሠራ ምን ይበላል?» የሚል ሰው ይኖራል። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም፤ ልጁን ከጕድጓድ አውጥቶ ለረኃብ መተው ምሕረት አይባልምና። ስለዚህ እኛ ካህናት ወርቅ በስእለት ሲገባ ከማን እንደ ተገዛ በትሕትና እንጠይቅ። የንስሓ ልጆቻችንን ስንጎበኝም «አስተምራታለሁ» ተብላ ከገጠር የመጣችው ልጅ በእውነት ትምህርት ቤት መግባቷን እንመርምር። ሰበካ ጉባኤም ለደብተርና ለምሳ የሚሆን ገንዘብ ይመድብ፤ ድኻይቱ እናት ልጇን ከሥራ አውጥታ ወደ ትምህርት ስትልክ የሚጎድልባትን ምእመናን ተባብረን እንሙላላት።

የዳዊት ውኃ ንጹሕ ነበር፤ ሆኖም የወንድሞቹ ነፍስ ከጥማቱ በለጠችበት። እኛም ለቤተ መቅደስ ጌጥ ስንሻ፥ የእግዚአብሔር ሕያው ጌጥ የሆነው ሕፃን በጕድጓድ ውስጥ እንዳይቀር እንጠንቀቅ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።