ዓሣ ነባሪውና ትሉ

ሰው ያላወቀውን ሊበድል ይችላልን? «አላወቅሁም» የሚለው ቃል በሸንጎ ፊት ቅጣት ሲያቀልል፣ በኅሊናም ፊት ነፃ ሲያወጣ ኖሯል። ይህን መከላከያ ለመመርመር ሁለት የባሕር ፍጡራንን በምስክርነት እንጥራ።

የመጀመሪያው ዓሣ ነባሪ ነው። ከወገኖቹ ሁሉ የሚገዝፈው ሰማያዊው ዓሣ ነባሪ ርዝመቱ እስከ 30 ሜትር ሊደርስ፣ ክብደቱም ከ150 ቶን ሊበልጥ ይችላል። በስሙ ዓሣ ይባል እንጂ በሳምባው የሚተነፍስ፣ ልጁን የሚያጠባ እንስሳ ነው።

ሁለተኛው ትል ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ተመራማሪዎች በካሊፎርኒያ፣ በሞንተሬይ ባሕረ ሰላጤ፣ ከ2,800 ሜትር በሚበልጥ ጥልቀት፣ በአንድ የሞተ ግራጫ ዓሣ ነባሪ አጥንት ላይ አገኙት፤ በ2004ም ኦሴዳክስ፣ ማለትም «አጥንት በላ» ብለው ሰየሙት። አፍ የለውም፤ አንጀትም የለውም። እንደ ተክል ሥሩን ወደ አጥንቱ ይሰዳል፤ አጥንቱን በአሲድ እያሟሟ፣ በሥሩ ውስጥ በሚኖሩ ባክቴሪያዎች አማካይነት ይመገባል። ሴቲቱ ከጣት ርዝመት አታልፍም፤ በዚያ የተገኙት ወንዶች ግን በዓይን ለማየት እስኪያዳግት ድረስ የደቀቁ ሆነው በእርሷ ቱቦ ውስጥ ተሰብስበው ይኖራሉ።

ላይ ላዩን ለሚመለከት አንዱ ግርማ፣ ሌላው ጥገኛ ነው። ይሁን እንጂ ትሉ ሕያውን አይነካም፤ የሞተውን መልሶ ለሕይወት ያበቃል እንጂ።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን ወደ 2.9 ሚሊዮን የሚጠጉ ዓሣ ነባሪዎች ለንግድ ታድነዋል። በፋብሪካ መርከቦች ላይ ስቡና ሥጋው ብቻ ሳይሆን አጥንቱ ጭምር እየተቀቀለ ዘይትና ዱቄት ሆነ። ዓለም አቀፉ የዓሣ ነባሪ አደን ኮሚሽን የንግዱ አደን እንዲቆም የወሰነው በ1982 ነው። እንግዲህ ልብ እንበል፤ ትሉ የተገኘው ከውሳኔው 20 ዓመት በኋላ ነው። ወደ ጥልቁ ይወርድ በነበረው አጥንት የሚኖረው ነገድ ስሙ እንኳ ሳይታወቅ ድርሻውን ተነጠቀ።

«አዳኙ ትሉን አያውቅም ነበርና አልበደለም» የሚል ይኖር ይሆናል። እኔ ግን ይህን አልቀበልም። ትሉን ባያውቅም፣ ምንም ሳያስተርፍ እንደሚወስድ ያውቅ ነበር። ጥፋቱ አለማወቁ አይደለም፤ ያላወቀውን እንደሌለ መቁጠሩ ነው። በአገራችን አዝመራውን የሰበሰበ ገበሬ ከማሳው የወደቀውን ዛላ ሁሉ አይለቅምም፤ ቃርሚያውን ስሙን ለማያውቀው ድኻ ይተዋል። ቃራሚው ማን እንደሚሆን ሳይጠይቅ መተዉ ነው ሥነ ምግባሩ።

ዕቅድ የምናወጣ፣ የምናስተምርና የምንጽፍ ሁሉ ሚዛናችንን በገዘፈው ላይ ብቻ የመትከል ልማድ አለብን። እኔም ለመድረክ ስጽፍ ሁሉን በጀግናው ቁመት እየለካሁ፣ እርሱ ሲወድቅ የማን ቤት አብሮ እንደሚፈርስ ሳልጠይቅ ብዙ ዘመን አሳልፌአለሁ። ዕውቀታችን ምንጊዜም ከዓለም ያንሳል። ስለዚህ ያልታየን እስኪታየን ድረስ ሁሉን አሟጦ አለመውሰድ ቸርነት ሳይሆን ግዴታ ነው።