ለፊልም ያፈሰስነው እንባ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ የሰንበት ትምህርት ቤታችን ወንድሞችና እህቶች፤ ወጣት ከወጣት ጋር ሲገናኝ ከሚያነሣቸው ጨዋታዎች አንዱ «እስከ ዛሬ ካየኸው ፊልም ሁሉ አብልጠህ የምትወደው የትኛውን ነው?» የሚለው ነው። አንዱ ሦስት ይቆጥራል፣ ሌላው ዐሥር ይቆጥራል፤ ክርክሩም እስከ ምሽት ይዘልቃል። እኛ በዚህች አጭር ጽሑፍ ከዚያ ጥያቄ በስተ ጀርባ ያለውን ሌላ ጥያቄ ለማንሣት እንወዳለን። ይኸውም፣ አንድን ፊልም «እወደዋለሁ» ስንል ምን ማለታችን ነው? በፊልሙ ውስጥ ለተበደለው ሰው ያፈሰስነው እንባስ በደጃችን ለቆመው ተበዳይ ይደርሳልን?

ፊልም ወደ አገራችን በገባበት ዘመን የአዲስ አበባ ሰው የፊልም ማሳያውን ቤት «የሰይጣን ቤት» ብሎ ጠርቶት ነበር። ዛሬ ይህን ስንሰማ ፈገግ እንላለን። ይሁን እንጂ በአባቶቻችን ለመሳቅ መቸኮል አይገባም። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ በአንጾኪያና በቁስጥንጥንያ ሳለ፣ ሕዝቡ ቤተ ክርስቲያኑን ትቶ ወደ ቲያትርና ወደ ፈረስ እሽቅድምድም ሲሮጥ አጥብቆ ይገሥጽ ነበር። አውግስጢኖስም በወጣትነቱ በካርታጎ ከተማ ቲያትር ይወድ እንደ ነበር በኑዛዜ መጽሐፉ ጽፏል። ሰው በራሱ ላይ ሊደርስበት የማይፈልገውን ኀዘን በመድረክ ላይ ለማየት ስለ ምን ይወዳል? ሲል ይጠይቃል። በዚያ ስፍራ ተመልካቹ እንዲያዝን እንጂ እንዲረዳ አይጠራም፤ ይባስ ብሎም ካላስለቀሱት ቅር ብሎት ይወጣል።

ይህ ክስ ከባድ ነው። ምክንያቱም የፊልም እንባ የአዞ እንባ አይደለም፤ ከልብ የሚወጣ እውነተኛ እንባ ነው። ጉድለቱ ዋጋ የማያስከፍል መሆኑ ነው። በፊልሙ ውስጥ ያለው ረሀብተኛ እንጀራ አይጠይቀንም፤ በሽተኛው ሌሊት ከእንቅልፋችን አያስነሣንም፤ እስረኛው ስንቅ አምጡልኝ አይለንም። መብራቱ ሲበራ ዐይናችንን ጠርገን፣ «ግሩም ፊልም ነው» ብለን፣ ልባችን ርኅሩኅ መሆኑን ለራሳችን መስክረን እንወጣለን። አሁንማ ፊልሙ በኪሳችን ባለው ስልክ ውስጥ ስለ ገባ መብራት እስኪበራ መጠበቅም ቀርቷል፤ የአንዱ እንባ ሳይደርቅ ሌላው ይጀመራል።

ታዲያ መድኃኒቱ ፊልምን ፈጽሞ መተው ነውን? እኛ አይመስለንም። በመጽሐፈ ሳሙኤል ካልዕ ምዕራፍ 12 ላይ የተጻፈውን እናስታውስ። ንጉሥ ዳዊት ኦርዮን አስገድሎ ሚስቱን በወሰደ ጊዜ ነቢዩ ናታን መጣ፤ ነገር ግን በቀጥታ አልከሰሰውም፤ ታሪክ ነገረው። ብዙ በጎች የነበሩት ባለጠጋ የድሀውን አንዲት በግ ወስዶ ለእንግዳው አሰናዳለት አለው። ዳዊት እንደ ጥሩ ተመልካች ለድሀው አዘነ፤ በባለጠጋው ላይ ተቆጣ፤ ሞትንም ፈረደበት። ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ንጉሡ ፍርዱ ቅን መሆኑን አምኖ በሰላም በተኛ ነበር። ናታን ግን ያ ባለጠጋ ንጉሡ ራሱ መሆኑን ነገረው። እንግዲህ ታሪክ መስማትም ሆነ ማየት በራሱ ኃጢአት አይደለም፤ እግዚአብሔር በነቢዩ አድሮ ታሪክን መፈወሻ አድርጎታልና። ቁም ነገሩ ታሪኩ በየት ላይ ያበቃል? የሚለው ነው። ስለዚህ «ከሁሉ አብልጠን የምንወደው» የሚለውን ስም፣ ናታን በዳዊት ላይ ያደረገውን በእኛ ላይ ለሚያደርግ ፊልም ልንሰጥ ይገባናል እንላለን። ይህንንም ለማስረዳት ከምንወዳቸው አራቱን እናቀርባለን።

የመጀመሪያው ቻርሊ ቻፕሊን እ.ኤ.አ. በ1931 ያወጣው «የከተማ መብራቶች» ነው። ድምፅ ያለው ፊልም በተስፋፋበት ጊዜ ቻፕሊን ያለ ንግግር ሠራው። ቤት የሌለው ምስኪን አንዲት ዐይነ ስውር አበባ ሻጭ ያፈቅራል፤ እርሷም ባለጠጋ ይመስላታል። በከተማው አንድ ሀብታም አለ፤ ሲሰክር ምስኪኑን አቅፎ ይስማል፣ ወዳጄ ይለዋል፤ ስካሩ ሲበርድ ግን አላውቅህም ብሎ ያባርረዋል። ምስኪኑ ለልጅቷ መታከሚያ የሚሆን ገንዘብ ከዚህ ሀብታም ተቀብሎ ይሰጣታል፤ ሰረቅህ ተብሎም ይታሰራል። ከእስር ሲወጣ ልጅቷ ዐይኗ በርቷል፣ የአበባ ሱቅም ከፍታለች። የተቀዳደደ ልብሱን አይታ ትስቅበታለች፤ አበባና ሳንቲም ልትሰጠው እጁን ስትይዝ ግን በመዳሰስ ታውቀዋለች። ዐይኗን ባበራላት ሰው ላይ የሳቀችው በበራው ዐይኗ ነው። እኛም ይህን ፊልም እየሳቅን እናያለን፤ ከሲኒማው ደጅ የተቀመጠውን የተቀዳደደ ልብስ የለበሰ ሰው ስናይ ግን ምን እናደርጋለን?

ሁለተኛው የጣሊያናዊው የቪቶርዮ ዴ ሲካ «የብስክሌት ሌቦች» ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1948 የወጣ ነው። ዋናውን ሰው ሆኖ የሠራው ተዋናይነት ሙያው ያልሆነ የፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ በሮም ከተማ አንቶኒዮ የሚባል ሥራ አጥ ማስታወቂያ የመለጠፍ ሥራ ያገኛል፤ ሥራው ብስክሌት ይጠይቃል። ብስክሌቱ በመያዣ ተይዞ ስለ ነበር ሚስቱ የአልጋ አንሶላዋን አስይዛ ታስለቅቅለታለች። ሥራ በጀመረበት ቀን ብስክሌቱ ይሰረቃል። ከትንሹ ልጁ ከብሩኖ ጋር ከተማውን ሲያስስ ውሎ፣ ተስፋ በቆረጠበት ሰዓት የሌላ ሰው ብስክሌት ለመስረቅ ይሞክራል። ሕዝቡ «ሌባ!» እያለ ተሯሩጦ ይይዘዋል፤ ይመታዋል፤ ልጁም ያያል። የብስክሌቱ ባለቤት ግን የሕፃኑን ፊት አይቶ ይለቀዋል።

ይህን ፊልም አይቶ ለአንቶኒዮ ያላዘነ የለም። በገበያ መካከል «ሌባ! ሌባ!» ሲባል ግን ከሚሯሯጡት ወገን የሚሆነው ብዙ ነው። በዚያ ሰዓት የተያዘው ሰው አንሶላ ያስያዘች ሚስት ትኑረው አትኑረው የሚጠይቅ የለም፤ «በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት» እንደሚባለው ድንጋይ ማንሣት ይቀድማል። ስርቆት ስርቆት ነው፤ ፊልሙም ጽድቅ አላደረገውም። ነገር ግን ሌባውን ከፊት ሳይሆን ከጠዋት ጀምሮ አሳየን። ለጎረቤታችንም ልንሰጠው የሚገባን እይታ ይኸው ነው፤ ከጠዋቱ ጀምሮ ማየት።

ሦስተኛው የጃፓናዊው የአኪራ ኩሮሳዋ ፊልም ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1952 የወጣ ሲሆን ስሙ «ኢኪሩ»፣ በእኛ ቋንቋ «መኖር» ማለት ነው። ዋታናቤ የሚባል የማዘጋጃ ቤት ሹም 30 ዓመት ያህል ወረቀት ላይ ማኅተም ሲመታ ኖሯል። የሰፈር ሴቶች ቆሻሻ ውሃ የተኛበት ቦታ ተደፍኖ ለልጆች መጫወቻ ይደረግልን ብለው ሲያመለክቱ ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ይላካሉ። ሹሙ የሆድ ነቀርሳ እንደ ያዘውና ጥቂት ወራት ብቻ እንደ ቀሩት ሲያውቅ በመጀመሪያ ወደ መጠጥና ወደ ዳንስ ቤት ይሄዳል፤ አያረካውም። በመጨረሻ ያን የሴቶቹን ማመልከቻ አንሥቶ፣ በየቢሮው ደጅ እየጠና፣ እየተሰደበም መጫወቻውን አሠርቶ ይሞታል።

ከፊልሙ ሁሉ የሚያስፈራን ግን ከሞቱ በኋላ ያለው ክፍል ነው። የሥራ ባልደረቦቹ በለቅሶው ቤት ተቀምጠው ይጠጣሉ። መጀመሪያ ምስጋናውን ለአለቆቻቸው ይሰጣሉ፤ እየሰከሩ ሲሄዱ ግን እውነቱን ያምናሉ፣ ያለቅሳሉ፣ «ከእንግዲህ እንደ እርሱ እንኖራለን» ብለው ይምላሉ። በማግስቱ ባለጉዳይ ሲመጣ ወደ ሌላ ቢሮ ይልኩታል። አንዱ ብቻ ተቆጥቶ ብድግ ይላል፤ ወዲያው ግን ተመልሶ ከወረቀቱ ክምር በስተ ጀርባ ይቀመጣል። ወንድሞችና እህቶች፣ እነዚያ ሰዎች እነማን ናቸው? የአንድን ሰው በጎ ሕይወት አይተው ያለቀሱ፣ የማሉ፣ በማግስቱም የረሱ ናቸው። ይህ የፊልም ተመልካች መልክ ነው! ኩሮሳዋ ተመልካቹን በፊልሙ ውስጥ አስቀመጠው። በቻፕሊን ፊልም እንዳለው ሀብታም ሁሉ የእነርሱም ርኅራኄ የስካር ርኅራኄ ነበር። ወይን ያሰክራል፤ እንባም እንዲሁ ሊያሰክር ይችላል።

እስካሁን የጠቀስናቸው በባዕድ አገር የተሠሩ ናቸው፤ «እኛን አይመለከተንም» ለማለት ለሚሻ ሰው አራተኛውን እንጨምር። በዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ተዘጋጅቶ እ.ኤ.አ. በ2014 የታየው «ድፍረት» በአማርኛ የሚናገር፣ በአገራችን በእውነት በተፈጸመ ነገር ላይ የተመሠረተ ፊልም ነው። ከትምህርት ቤት ስትመለስ የተጠለፈች ታዳጊ ልጅ ልታመልጥ ስትሞክር ጠላፊዋን ተኩሳ ትገድላለች፤ አንዲት የሕግ ባለሙያ ሴትም ትቆምላታለች። በመንደሩ ሸንጎ ተቀምጠው ባህላችን ነው የሚሉት ሽማግሌዎች ቀንድ ያላቸው አውሬዎች አይደሉም፤ አጎቶቻችንን ይመስላሉ። ለልጅቷ እንባ ማፍሰስ ቀላል ነው። ነገር ግን በስንቱ መንደር ጠለፋ በእርቅ ተሸፍኖ፣ ሠርጉ ተበልቶ፣ የልጅቷ ፈቃድ ሳይጠየቅ ቀርቷል? በዚያ ዳስ የተቀመጠውን ዘመድ መገሠጽ ከፊልሙ ፊት ከማልቀስ ይልቅ ይከብዳል።

ከዚህ ላይ አንዳንድ ወንድሞች «ታዲያ ፊልም ሁሉ ስብከት ይሁን ማለታችሁ ነውን? የደከመ ሰው ጥቂት ቢስቅ ምን ክፋት አለው?» ይሉ ይሆናል። ክፋት የለውም። ሳቅ የእግዚአብሔር ስጦታ ነው፤ ከላይ የጠቀስነው ቻፕሊንም ከሁሉ አብልጦ ያስቀናል። ለማረፊያ የሚታይ ፊልም እንደ ቆሎ ነው፤ ይቆረጠማል፣ ያጫውታል። ቆሎውን ግን ማዕድ አንለውም። እኛ የምንናገረው አንድ ሰው ደረቱን ነፍቶ «ይህ ሕይወቴን የለወጠ ፊልም ነው» ስለሚለው ነው። ለወጠህ? በምን ታወቀ?

ደግሞም ይህን እናስብ። ፊልም አይተው የማያውቁ ስንት እናቶች አሉን፤ የጎረቤት በሽተኛ ሲያስታምሙ ያድራሉ፣ ለማያውቁት እስረኛ ስንቅ ይቋጥራሉ። እነርሱ ያለ ፊልም የደረሱበትን ስፍራ እኛ በመቶ ፊልም ካልደረስንበት፣ የፊልም ዕውቀታችን የሚያስመካ አይደለም። ፊልም ወደ ሰው የሚያደርስ መንገድ ነው፤ በመንገዱ ላይ ቤት ሠርቶ መኖር ግን ሞኝነት ነው።

ጌታችን በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 10 ላይ ወንበዴዎች ደብድበው ስለ ጣሉት ሰው በተናገረው ምሳሌ፣ በመንገዱ ያለፉት ሦስቱም ቁስለኛውን አይተውታል። ካህኑ አየ፤ ሌዋዊው አየ፤ ሳምራዊው አየ። በማየት ሦስቱ እኩል ናቸው። የለያቸው ከማየት በኋላ ያለው ነው፤ ዘይቱ፣ ወይኑ፣ አህያው፣ ለእንግዳ ማደሪያው ባለቤት የተከፈለው ገንዘብ።

ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ «አብልጠህ የምትወደው ፊልም የትኛው ነው?» ስንባል፣ ስሙን ከመናገራችን በፊት ራሳችንን ሁለት ነገር እንጠይቅ። ይህ ፊልም ከዚህ በፊት የማላየውን የትኛውን ሰው አሳየኝ? ለዚያስ ሰው ምን አደረግሁ? ማኅበራችንም አንድ ላይ ፊልም ባየ ጊዜ ስለ ተዋንያኑ ብቻ ተወያይቶ አይበተን፤ ከመበተኑ በፊት በሳምንቱ ውስጥ የሚፈጸም አንድ ሥራ፣ የሚጠየቅ አንድ በሽተኛ ወይም የሚጎበኝ አንድ እስረኛ ይወስን። ያን ጊዜ እንባችን አድራሻ ያገኛል።

ልዑል እግዚአብሔር የምናይበትን ዐይን ብቻ ሳይሆን የምንዘረጋውን እጅ ይስጠን። አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።