በበቆሎ የተሸጠችው ልጅ

እ.ኤ.አ. በመስከረም 1888 ኦስፕሬይ የተባለች የእንግሊዝ የጦር መርከብ ቀይ ባሕር ላይ ባሪያ የጫኑ ጀልባዎችን ይዛ ከ200 በላይ ሰዎችን ነጻ አወጣች። አብዛኞቹ የኦሮሞ ልጆች ነበሩ። ኤደን አጠገብ የነበሩ የስኮትላንድ ሚሲዮናውያን ተቀበሏቸው፤ ከልጆቹም 64ቱ በ1890 ደቡብ አፍሪካ ወደሚገኘው የላቭዴል ትምህርት ቤት ተላኩ።

ሚሲዮናውያኑ አንድ ትልቅ ነገር ሠርተዋል። ልጆቹን በየተራ አስቀምጠው የት እንደተወለዱ፣ ማን እንደሸጣቸው፣ በስንት እጅ እንዳለፉ ጠይቀው ጻፉ። ስለ ባርነት ስናስብ ቶሎ የሚታየን በሌሊት መንደር የሚወር ወንበዴ ነው። እንዲያ የተያዙም ነበሩ። በዕዳ የተሰጡ፣ የሚያውቁት ሰው አታሎ የወሰዳቸውም ግን ነበሩ።

ከእነዚያ ልጆች አንዷ ቢሾ ጃርሳ ናት። ድርቅና በሽታ ወላጅ አልባ ካደረጓት በኋላ የምትንከባከባት ከአባቷ ባሪያዎች አንዷ ነበረች። ረሃቡ ሲጠናባት ይህች ሴት ቢሾን በጥቂት በቆሎ ለነጋዴዎች ሸጠቻት። ሴትዮዋን መኮነን ለጠገበ ሰው ይቀላል። እኔን የሚያመኝ ግን ሌላ ነው፤ ሰው ዋጋ በወጣለት ቤት የባለቤቱ ልጅም ተሸጠች። 

አገራችን እ.ኤ.አ. በ1942 ባርነትን በአዋጅ ሻረች። የቀይ ባሕሩ መንገድ ግን ዛሬም ሰው ይሄድበታል። ከጅቡቲዋ ኦቦክ በጀልባ የመን የደረሱ ወጣቶች ይታገታሉ፤ ቤተሰብ ገንዘብ እስኪልክ ድረስ እየተደበደቡ በስልክ እንዲለምኑ ይደረጋሉ። በሕጋዊ ቪዛ ወደ ዐረብ አገር ለቤት ሠራተኛነት የሄደችውም ብትሆን የመኖሪያ ፈቃዷ በአሠሪዋ እጅ ነው፤ ፓስፖርቷንም ብዙ ጊዜ ማዳም ትቆልፍባታለች። እ.ኤ.አ. በ2020 ሊባኖስ በኢኮኖሚ ቀውስ ስትመታ ብዙ አሠሪዎች ኢትዮጵያውያን ሠራተኞቻቸውን ደመወዝ ሳይከፍሉ ቤይሩት በሚገኘው ቆንስላችን ደጃፍ ጥለዋቸው ሄዱ።

እነዚህን ልጆች ከቤት ያወጣቸው ደላላ ብዙ ጊዜ የሰፈር ሰው ነው፤ ከእናታቸው ጋር ቡና የሚጠጣ። ለጉዞው ቤተሰቡ በሬ ይሸጣል፤ ካልበቃም በአራጣ ይበደራል። ደመወዟን የተከለከለች ልጅ ለምን አትመለስም ለሚል መልሱ እዚህ ላይ ነው፤ ባዶ እጇን ብትመጣ አበዳሪው ቤት ድረስ ይመጣል። ተመላሾች ቦሌ ሲደርሱ ውኃና የትራንስፖርት ብር ሰጥቶ ከመሸኘት ባለፈ፣ ማን እንደላካቸው፣ ስንት እንደተበደሩና ለማን እንደሚከፍሉ አንድ በአንድ ጠይቆ የሚጽፍ ይኑር። አራጣ አበዳሪውና ደላላው ያኔ በስምና በቀበሌ ይታወቃሉ።