ልጁ ነው ሰነፉ ወይስ እኛ?

«ልጄ ማንበብ አልሆነለትም፤ ሰነፍ ነው» የሚል ስሞታ ከስንት ወላጅ ሰምታችኋል? እኔ ከብዙዎች ሰምቻለሁ፤ ራሴም ብዬዋለሁ። እስቲ ዛሬ ነገሩን ገልብጠን እንጠይቅ፤ አንድ ሕፃን ማንበብ ሲያቅተው ተጠያቂው ማን ነው?

በ2002 ዓ.ም. በአገራችን በተካሄደ የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶ የሚሆኑት ከቀረበላቸው ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ምዘናው የተካሄደው በባዕድ ቋንቋ ሳይሆን በሚማሩበት ቋንቋ ነበር። ታዲያ ከሦስት ሕፃናት አንዱ ሰነፍ ሆኖ ተፈጠረ ልንል ነው? የመጻሕፍት እጥረቱና የክፍሉ መጨናነቅ የታወቀ ነው። ይሁንና የቤታችንን ድርሻ በትምህርት ቤቱ ላይ ጭነን መገላገል አንችልም።

ሁላችንም የምናውቀው ነገር አለ። ሕፃኑ ሀሁን በዜማ ይወርደዋል፤ ጣቱ ግን ያረፈው ሌላ ፊደል ላይ ነው። ከመሃል ጠቁመን «ይህስ?» ስንለው ከላይ ካልጀመረ አይደርስበትም። በቁርኣን ቤትም አሊፍ ባን እንዲሁ የሚወጣው አለ። ይህ ልጅ በቃሉ ይዟል እንጂ አላነበበም። ክፍተቱን የሚያየው ደግሞ አጠገቡ የተቀመጠ ሰው ብቻ ነው። ዜማውን ከሩቅ የሚሰማው አባት «ማሻአላህ» ብሎ ወደ ስልኩ ይመለሳል።

ልጄ የአራት ዓመት ልጅ ሳለች አንድ መጽሐፌን አውርዳ ገጹን ቀደደችው። ተቆጥቼ እጇን መታኋት፤ መጻሕፍቱንም ሁሉ ቡፌው ላይ፣ ከማትደርስበት አስቀመጥኩ። አንደኛ ክፍል ስትገባ መጽሐፍ ዘርግቼ «አንብቢ» ብላት እጇን ወደ ኋላ ሰበሰበች። መጽሐፍ የሚያስመታ ነገር መሆኑን ያስተማርኳት እኔው ነበርኩ።

ቁርኣንን ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ አደብ ነው፤ በዚህ ክርክር የለም። ስህተታችን ይህንኑ አደብ ለተረት መጽሐፍ ሳይቀር ማድረጋችን ነው። ልጅ የማይነካውን ነገር አይወድም። ወላጁ ሲያነብ አይቶ የማያውቅ ልጅ ደግሞ «አንብብ» የሚለውን ቃል እንደ ቅጣት ቢቆጥረው አይፈረድበትም።

የሲራ ጸሐፍት እንደመዘገቡት፣ በ2ኛው ዓመተ ሂጅራ ከበድር ዘመቻ በኋላ፣ የቤዛ ገንዘብ ያልነበራቸው ግን መጻፍ የሚያውቁ ምርኮኞች የመዲናን ልጆች አስተምረው ነፃ እንዲወጡ ተደርጓል። ያ ማኅበረሰብ ችግረኛ ነበር፤ ሆኖም የልጆቹን ፊደል ከቤዛ ገንዘብ እኩል መዘነው። እኛስ በሚዛኑ ላይ ምን አስቀመጥን?

«እኔ ራሴ አልተማርኩ፤ ምን ላድርግ?» የምትል እናት ትኖር ይሆናል። እናቴ ሆይ፣ ማንበብ ባትችዪም ማድመጥ ትችያለሽ። «እስቲ አንብብልኝ፤ ከዚያስ ምን ሆነ?» በዪው። ልጁ ያን ጊዜ የሚያነበው ለፈተና ሳይሆን ለሰው ነው።

እኔም መጻሕፍቱን ከቡፌው አውርጃለሁ። ከመግሪብ በኋላ ሩብ ሰዓት አብረን እንቀመጣለን፤ ስትሳሳት አልጮህም፤ ከመሃል እየጠቆምኩ እጠይቃታለሁ። አሁንም ቀስ ብላ ነው የምታነበው። ትናንት ግን መጽሐፉን ያመጣችው ሳልጠራት ነው።

ልጆቻችን አማና ናቸው። «ሰነፍ» ከማለታችን በፊት የተሰጠንን አደራ እንመርምር። ወላሁ አዕለም።